የፖላንድኛ ረጃጅም ቃላት፦ ቀለማቱን በምን እንቁጠር? ቃሉንስ የት እንቁረጥ?

ተማሪ_ዘፖዝናን (ጠያቂ)

ለመድረኩ አባላት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ፖዝናን ከመጣሁ ስምንት ወር ሆኖኛል። የፖላንድኛ ሰዋስው ይከብዳል ሲሉኝ ፈርቼ ነበር፤ እኔን ይበልጥ ያስቸገረኝ ግን ንባቡ ነው። ረጅም ቃል ድምፄን ከፍ አድርጌ ባነበብሁ ቁጥር መምህሬ «ቀለም ጨመርህ» ትለኛለች። ቀለም የምትለው በአንድ ትንፋሽ የሚወጣውን የቃል ቁራሽ ነው።

ባለፈው ሳምንት ያነበብሁት ቃል በእኛ ፊደል ሲጻፍ «ቤዝቭዝግሌንድን» ይሆናል። ትርጉሙ «ርኅራኄ የሌለው፣ ፍጹም» እንደ ማለት ነው። እርሷ በጣቷ ቆጥራ ሦስት ቀለም ነው አለችኝ፤ እኔ በደብተሬ ላይ ጽፌ ብቆጥር ዘጠኝ ሆሄ አገኘሁ፤ በአፌ ስሞክረው ደግሞ ከአምስት በታች አልወርድ አለኝ። ሦስቱ የት የት ናቸው? እንዲህ ያለው ቃልስ የሚሠራው ከምን ከምን ነው? በመስመር መጨረሻ ላይ ቢደርስብኝስ የት ላይ ልቁረጠው?

የቀድሞው_የዉች_ተማሪ

ጥያቄዎ ከአርባ ዓመት በፊት የነበርሁበትን ክፍል አስታወሰኝ። እኔም እንደ ብዙዎቹ የዘመኔ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ከመግባቴ በፊት አንድ ዓመት በዉች ከተማ ፖላንድኛ ተምሬአለሁ፤ በዚያች ከተማ ለውጭ አገር ተማሪዎች ቋንቋውን ማስተማር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። የከተማዋን ስም በእኛ ጋዜጦች «ሎድዝ» ተብሎ ያገኙታል። ነዋሪዎቿ ግን «ዉች» ይሏታል፤ ጠቅላላው አንድ ቀለም ነው። እዚያ የደረስሁ ቀን የባቡሩ ተቆጣጣሪ ስሟን ሲጠራ ሌላ ከተማ መስሎኝ ሳልወርድ ልቀር ነበር።

ወደ ነገሩ ልመለስ። የእኛ ችግር ከምላሳችን በፊት የሚጀምረው ከፊደላችን ነው። ሳድስ ሁለት ሥራ እንዳለው ያውቃሉ። አንዳንዴ አጭሯን አናባቢ ይዞ ይነገራል፤ አንዳንዴ ምንም አናባቢ የለውም። «ልብ» ብለን ስንጽፍ ል አናባቢ አለው፣ ብ የለውም፤ ጽሕፈቱ ግን ይህን አይነግረንም፤ በልምድ እናውቀዋለን እንጂ። በፖላንድኛ ልምዱ ስለሌለን ተናባቢዎች ሲደረደሩ ባየን ቁጥር ምላሳችን በመካከላቸው ሰርጎ ገብ አናባቢ ይከታል። መምህርዎ «ጨመርህ» የሚሉት ይህንኑ ነው።

ነገሩን የሚያባብሰው ሌላም አለ። ፖላንዶች «ኢግሬክ» በሚሏት ሆሄ የሚጽፉት አናባቢ ከእኛ የሳድስ አናባቢ ጋር እጅግ ይቀራረባል፤ የእነርሱ ትንሽ ወደ አፍ ፊት ስለሚቀርብ አንዳንዶቻችን «ኢ» ወይም «ኤ» መስሎ ይሰማናል። ስለዚህ የእነርሱን ቃል በእኛ ፊደል ስንጽፍ፣ አናባቢ ያለውም የሌለውም በአንድ ዓይነት ሳድስ ተሸፍኖ ይቀራል። «ሙዝካ» ብዬ ብጽፍልዎት ሁለት ቀለም አድርገው «ሙዝ-ካ» ይሉኛል። ቃሉ ግን ሦስት ቀለም ነው፤ «ሙ-ዝ-ካ»፣ ማለትም ሙዚቃ።

እንግዲህ በዚህ ክር እንዲህ እንስማማ፤ ቃሉን በጭረት እንከፋፍለው። እያንዳንዱ ቁራሽ አንድ አናባቢ ብቻ ይኑረው። በቁራሹ ውስጥ ኣ፣ ኤ፣ ኦ ወይም ሌላ ግልጽ አናባቢ ያለው ሆሄ ካለ በዙሪያው ያሉት ሳድሶች በሙሉ ድምፅ አልባ ናቸው። ቁራሹ ሳድስ ብቻ ከሆነ ግን የመጨረሻው ሳድስ አናባቢውን ይሸከማል። የእርስዎ ቃል እንግዲህ «ቤዝ-ቭዝግሌንድ-ን» ይሆናል። በመካከለኛው ቁራሽ ፊት ያሉት ቭ፣ ዝ፣ ግ ሦስቱም ሳይነጣጠሉ በአንድ ትንፋሽ ወደ «ሌ» ይሮጣሉ።

ደንቡ ባጭሩ ይህ ነው፤ በፖላንድኛ የሚቆጠረው አናባቢ ብቻ ነው። የፈለገውን ያህል ተናባቢ ቢደረደር አናባቢ ከሌለው ቀለም አይሆንም። ጎረቤታቸው ቼክኛ ረንና ለን አናባቢ አድርጎ ስለሚጠቀም «ክርክ» (አንገት) በእርሱ ዘንድ ሙሉ ቃል ነው፤ ፖላንድኛ ግን ይህን አያደርግም። «እምቢተኛ» ለማለት «ክርኖም-ብርን» ይላሉ፤ ሁለት ቀለም ነው። የመጀመሪያውን ረ አናባቢ ሳይጨምሩለት ማውጣት ግን፣ ልደብቅዎ አልችልም፣ እኔንም እስከ ዛሬ ያስቸግረኛል።

ተማሪ_ዘፖዝናን

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። «በ» የሚለው መስተዋድዳቸው አንዲት ቭ ብቻ መሆኗ ግራ ያጋባኝ ነበር። አናባቢ ስለሌላት እንደ ቀለም አትቆጠርም ማለት ነው?

የቀድሞው_የዉች_ተማሪ

አትቆጠርም። «በዋርሶ» ለማለት «ቭ ቫር-ሻ-ቭዬ» ይላሉ፤ ጠቅላላው ሦስት ቀለም ነው፤ ሁለቱ ቭዎች ተጣምረው እንደ እኛ ጥብቅ ድምፅ ይሰማሉ። ተከታዩ ቃል ራሱ በተናባቢ ክምር የጀመረ እንደ ሆነ ግን ለእነርሱም ስለሚከብዳቸው አናባቢ ይጨምሩና «ቬ ቭሮ-ትስዋ-ቭዩ» (በቭሮትስዋፍ) ይላሉ። ስለዚህ ሰርጎ ገብ የእኛ ብቻ አይምሰልዎ፤ እነርሱ የት እንደሚያስገቡት በደንብ ወስነውታል።

ሰዋስው_ወዳድ

ስለ ቃል አመሠራረቱ ያነሡት ጥያቄ እንዳይዘነጋ ልግባበት።

«ቤዝ-ቭዝግሌንድ-ን» ከሦስት ምዕላዶች፣ ማለትም ትርጉም ወይም ሙያ ካላቸው የቃል ክፍሎች፣ የተሠራ ነው። «ቤዝ» ማለት «ያለ» ነው፤ «ቭዝግሎንድ» ማለት ለሌላው የሚሰጥ ግምት፣ አክብሮት፣ ይሉኝታ ማለት ነው፤ የመጨረሻዋ «-ን» ቅጽል አድራጊ ናት። እንግዲህ ቃል በቃል «ይሉኝታ ቢስ» ሆነ። የእነርሱ «ቤዝ» ከእኛ «ቢስ» ጋር በድምፅ መመሳሰሉ አጋጣሚ ነው፤ ዝምድና የላቸውም፤ ቦታቸውም የተለያየ ነው፤ የእነርሱ በፊት፣ የእኛ በኋላ ይገባል። ለማስታወስ ግን የሚረዳ አጋጣሚ ነው።

በዚሁ «ቤዝ» የተሠራ አንድ ረጅም ቃል ላሳይዎ፤ «ናይ-ኜ-ቤስ-ፕዬች-ኜይ-ሽ»፣ ስድስት ቀለም፣ «ከሁሉ ይልቅ አደገኛ»። «ፕዬቻ» ማለት ጥበቃና ክትትል ነው፤ በጥንቱ አጠቃቀም ጭንቀትንም ይጨምራል። «ያለ ጭንቀት» የሆነ ነገር «ደኅና፣ አስተማማኝ» ተባለ። ከፊቱ አሉታዊው «ኜ» ሲጨመር «ደኅና ያልሆነ»፣ ማለትም አደገኛ ሆነ። ከዚያ ማበላለጫው «ኤይሽ» ከኋላ፣ «ናይ» ከፊት ተጨመሩና «ከሁሉ የበለጠ» አደረጉት። ሁለት አሉታ ተደርቦበት ሲታይ ያስደነግጣል፤ ነገር ግን ከውስጥ ወደ ውጭ ከተነበበ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በልጣጭ ይፈታል። ከግራ ወደ ቀኝ ሊፈታ የሚሞክር ሰው ሁልጊዜ ይሳሳታል፤ «ናይ» የምትታከለው ማበላለጫው ካለ በኋላ ስለሆነ ከፊት ብትታይም ከሁሉ በኋላ የመጣች ናት።

ጥምር ቃላቱም ለእኛ እንግዳ አይደሉም። እኛ ከግዕዝ ወርሰን «ቤት» እና «መጻሕፍት» የሚሉትን «ቤተ መጻሕፍት» ብለን በመካከል አንዲት ግዕዝ አናባቢ እናስገባለን፤ «ልበ ሙሉ»፣ «ሆደ ሰፊ» እንላለን። ፖላንዶች በዚያ ቦታ «ኦ» ያስገባሉ። «ፓራ» (እንፋሎት) እና «ቩስ» (ጋሪ) ተጋጥመው «ፓ-ሮ-ቩስ» ይሆናሉ፤ በእንፋሎት የሚሄድ የባቡር መኪና ማለት ነው። «ሊስት» (ደብዳቤ) እና «መሸከም» ከሚለው ግሥ የመጣው «ኖሽ» ተጋጥመው ፖስተኛን «ሊ-ስቶ-ኖሽ» ያደርጉታል። ልዩነቱ እኛ ሁለቱን ቃላት ለያይተን ስንጽፍ እነርሱ አጣብቀው መጻፋቸው ነው፤ እኛም ብናጣብቅ ኖሮ የእኛም መዝገበ ቃላት በረጃጅም ቃላት ይሞላ ነበር።

መሐንዲስ_በግዳንስክ

ማብራሪያው ጥሩ ነው፤ አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ምዕላዶቹን ካወቅን ቀለሞቹን ለብቻ መቁጠር ለምን ያስፈልጋል? በምዕላዱ ልክ ብንቆርጠው አይበቃም?

ሰዋስው_ወዳድ

አይበቃም፤ የጠቀስሁትን የፖስተኛውን ስም ይመልከቱት። በትርጉም ሲከፈል «ሊስት + ኦ + ኖሽ» ነው። አፍ ግን «ሊ-ስቶ-ኖሽ» ወይም «ሊስ-ቶ-ኖሽ» ይላል፤ አጣማሪዋ «ኦ» ብቻዋን ቀለም ሆና አትቆምም፤ ከፊቷ ያለውን «ት» ትወስዳለች። ትርጉሙና ትንፋሹ የሚቆርጡት በየራሳቸው ቦታ ነው።

ከዚህም የከፋው ምዕላዱ ራሱ መልኩን መለወጡ ነው። «ኖ-ጋ» እግር ነው። ትንሽ እግር «ኑሽ-ካ» ይባላል፤ እጅግ ትንሽ፣ የሕፃን እግር ደግሞ «ኑ-ዤች-ካ»። «ጋ» የነበረው ወዴት ሄደ? ማሳነሻው ቅጥያ ሲመጣ ገ ወደ ዠ ተለወጠ፤ ከከ ፊት ሲቆም ደግሞ ድምፁ ደክሞ እንደ ሽ ተሰማ፤ አናባቢ ሲከተለው ዥነቱ ተመለሰ። ይህን እንግዳ ነገር ነው የሚል አማርኛ ተናጋሪ ካለ የራሱን ቋንቋ አላስተዋለም ማለት ነው። ከፈተ ብለን «ከፋች»፣ ወሰደ ብለን «ወሳጅ»፣ ለበሰ ብለን «ለባሽ»፣ ገዛ ብለን «ገዥ» የምንል እኛ ነን። በአድራጊው ቅጥያ የነበረችው «ኢ» ተናባቢውን አለስልሳ እርሷ ጠፍታለች። አንድ ልጅ «ከፋች» ውስጥ «ት» ፈልጎ ቢያጣ እንደምናስረዳው ሁሉ «ኑሽካ» ውስጥ «ግ» የሚፈልግን ሰው እንዲሁ ማስረዳት ይቻላል።

(በነገራችን ላይ የከተማዎ ስም በነዋሪዎቹ አፍ «ግዳኝስክ» ነው፤ አንድ ቀለም።)

መሐንዲስ_በግዳንስክ

አምስት ዓመት ስኖርባት በሦስት ቀለም ስጠራት ከርሜአለሁ። ተቀብያለሁ።

አራሚ_ነኝ

በሕትመት ሥራ ላይ ስለሆንሁ በመስመር መጨረሻ ላይ ስለ መቁረጥ የቀረበውን ጥያቄ እኔ ልመልስ። በብራና መጻሕፍታችን ጸሐፊው መስመሩ ሲያልቅበት ቃሉን በፈለገው ሆሄ ላይ ያቋርጠዋል፤ ቃልን ከቃል የሚለየው ሁለት ነጥብ ስለሆነ ጭረት አላስፈለገውም። በፖላንድኛ ግን ጭረት ይደረጋል፤ የት እንደሚደረግም ሕግ አለው።

የመጀመሪያው፣ አንድ ድምፅን የሚወክሉ ሁለት ሆሄያት አይነጣጠሉም። «ሽ» የሚጻፈው በኤስ እና በዜት ነው፤ «ዥ» ደግሞ ከሁለት መንገዶቹ በአንዱ በኤር እና በዜት ይጻፋል። ስለዚህ ባሕር «ሞ-ዤ» እንጂ ኤሩ ወዲያ ዜቱ ወዲህ ሊሆን አይችልም። ወጥመዱ ግን እነዚሁ ሁለት ሆሄያት አንዳንዴ በእውነት ሁለት ድምፅ መሆናቸው ነው፤ «በብርድ መቀዝቀዝ» የሚለው ቃል «ማር-ዝኖኝች» ተብሎ ስለሚነበብ በኤርና በዜት መካከል ይቆረጣል።

ሁለተኛው ቅድመ ቅጥያን ማክበር ነው። «ናድ» (በላይ)፣ «ፖድ» (በታች)፣ «ፕሼድ» (በፊት) እና መሰሎቻቸው ግልጽ ሆነው ሲታዩ ቃሉ ከእነርሱ በኋላ ይቆረጣል፤ «ናድ-ዝቭ-ቻይ-ን» (ልዩ፣ ከተለመደው በላይ)፣ «ፖድ-ዤም-ን» (ከመሬት በታች ያለ)። በእነዚህ ውስጥ ዴና ዜት ጎን ለጎን ስለሚቆሙ አንድ ድምፅ ይመስላሉ፤ ነገር ግን ዴው የቅጥያው፣ ዜቱ የሥሩ ነው። «ድርጅት» ማለት የሆነው «ፕሼት-ሼም-ብዮር-ስትፎ»ም በዚሁ ሕግ ነው የሚቆረጠው፤ በንግግር ደክሞ «ት» መስሎ የሚሰማው ድምፅ በጽሕፈት ዴ ነው።

ከእነዚህ ውጭ ባለው ሕጉ ለቀቅ ያለ ነው። እህት የሚለውን ቃል «ሾ-ስትራ»፣ «ሾስ-ትራ» ወይም «ሾስት-ራ» ብሎ መቁረጥ ሦስቱም ይፈቀዳል። «ትክክለኛው አንድ ብቻ ነው» ብሎ የሚከራከር ካጋጠመዎ ጊዜዎን አያባክኑ። ተደራቢ ተናባቢ ግን ይከፈላል፤ «አን-ና»። በጭረት የተጣመረ ቃል፣ ለምሳሌ ባንዲራቸውን የሚገልጸው «ነጭና ቀይ»፣ በጭረቱ ላይ ከተቆረጠ ጭረቱ በሚቀጥለው መስመር መጀመሪያ ይደገማል። ከላይ የተነሣችው ብቸኛዋ «ቭ» ደግሞ በመስመር መጨረሻ ብቻዋን እንድትቀር ጥሩ አራሚ አይፈቅድም። እኔ በበኩሌ ይህን የመጨረሻውን ልማድ እወደዋለሁ፤ ገጹን ያሳምረዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ኣ እና ኡ ጎን ለጎን ሲሆኑ በመጤ ቃላት አንድ ቀለም ይሆናሉ፤ መኪና «አው-ቶ» ነው። በነባር ቃላት ግን ድንበር ካለ ይለያያሉ፤ ትምህርት ወይም ሳይንስ «ና-ኡ-ካ» ነው፤ ሦስት ቀለም። «ናው-ካ» ማለት የመጤነት ምልክት ነው።

እናት_ከክራኩፍ

እኔ የቋንቋ ባለሙያ አይደለሁም፤ ቋንቋውን የተማርሁት ከልጆቼ ነው ማለት ይቻላል። ስለ አጽንዖት ማንም አላነሣም፤ ቀለም በትክክል መቁጠር ጥቅሙ የሚታየው ግን እዚያ ላይ ነው። ፖላንድኛ ቃሉ የቱንም ያህል ቢረዝም ድምፁን ከመጨረሻው በፊት ባለው ቀለም ላይ ያጸናል። ዋርሶ «ቫር-ሻ-ቫ» ናት። ስለዚህ ከመጨረሻዎቹ ሁለት ቀለማት ውስጥ ሰርጎ ገብ አናባቢ ከጨመርን አጽንዖቱ በተሳሳተ ቦታ ይወድቃል፤ ሰሚው የሚጠፋውም ያኔ ነው። ረጅም ቃል ሲሆን በመጀመሪያው ቀለም ላይ ሌላ ቀለል ያለ አጽንዖት ይሰማል።

ትልቋ ልጄ ሁልጊዜ የምታርመኝ ግን በልዩዎቹ ነው። ከላቲንና ከግሪክ ከመጡት በአንዳንዶቹ አጽንዖቱ አንድ ቀለም ወደ ኋላ ይሸሻል፤ «ማ-ቴ-ማ-ት-ካ»፣ «ሙ-ዝ-ካ»። ብዙ ሰው በዕለት ንግግር ይህን አይጠብቅም፤ ልጄ ግን ትጠብቃለች። «ኡ-ኒ-ቬር-ስ-ቴት» ደግሞ «የዩኒቨርሲቲ» ለማለት ሲለወጥ «ኡ-ኒ-ቬር-ስ-ቴ-ቱ» ይሆናል፤ ወደ ተራው ሕግ ይመለሳል።

ከሁሉ የሚገርመው «ባደረግን ነበር» የሚለው ነው፤ «ዝሮ-ቢ-ሊ-ብ-ሽም»፤ ከመጨረሻው አራተኛ! ለምን እንደሆነ የሚያውቅ ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል።

ሰዋስው_ወዳድ

እህቴ፣ ቁልፉ «ብ» እና «ሽም» ቀድሞ የቃሉ አካል አለመሆናቸው ነው። «ሽም» «ነን» ከሚለው ረዳት ግሥ የተረፈች ቁራሽ ናት፤ «ብ»ም እንዲሁ ራሷን የቻለች ቃል ነበረች። ከግሡ ጋር ተጣብቀው መጻፍ ጀመሩ እንጂ አጽንዖቱ አላወቃቸውም፤ ዋናውን ግሥ ብቻ እየቆጠረ «ዝሮ-ቢ-ሊ» ላይ ቀረ። እስከ ዛሬም ተነቅለው ወደ ሌላ ቃል ይዘላሉ፤ «የት ነበራችሁ» ለማለት «ግጄ ብ-ሊ-ሽቼ» ይባላል፤ «ሽቼ»ን ነቅሎ «ግጄ-ሽቼ ብ-ሊ» ማለትም ይቻላል።

በአማርኛ «ይሰብራል» ስንል «ይሰብር» እና «አለ» ተጣብቀው ነው። መገጣጠሚያው የሚታየው ተሳቢ ሲመጣ ነው፤ «ይሰብረዋል» ስንል «ው» የገባችው በመካከል ነው፤ «አል» ዳር ላይ ቀረች። የእኛ ረዳት ግን እንደ እነርሱ ወደ ሌላ ቃል አይዘልም።

የቀድሞው_የዉች_ተማሪ

ረጅሙ ቃል የቱ ነው የሚል ጥያቄ መምጣቱ ስለማይቀር ቀድሜ ላውጣው። በዘመናችን ተማሪ እርስ በርሱ የሚፈታተንበት ቃል ይህ ነበር፤ «ኮን-ስታን-ት-ኖ-ፖ-ሊ-ታኝ-ች-ኮ-ቭያ-ኔች-ካ»፤ 12 ቀለም፣ በእነርሱ ሆሄ 32። «ኮንስታንትኖፖል» ቁስጥንጥንያ ናት፤ «ችክ» ነዋሪውን ወንድ ያመለክታል፤ ከዚያ በኋላ የመጡት ወደ ሴት አዙረው ያሳንሱታል፤ «ትንሿ የቁስጥንጥንያ ልጃገረድ» እንደ ማለት። ለጨዋታ የተሠራ ነው፤ በኑሮ የሚናገረው የለም። በውስጡ ያለው አሠራር ግን እውነተኛ ነው። ቀድሞ ኖቫክ የተባለ ሰው ሚስቱ «ኖ-ቫ-ኮ-ቫ»፣ ያላገባች ሴት ልጁ «ኖ-ቫ-ኩቭ-ና» ትባል ነበር፤ ዛሬ እየቀረ ሄዷል።

ከዚህም የሚረዝም ማምጣት ቀላል ነው፤ ቅጽሉ ቁጥርን ስለሚውጥ ቁጥሩን ማሳደግ ብቻ ይበቃል። «ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ብሔረሰቦች ያሉት» የሚለው በአገናዛቢ ሙያ 18 ቀለም ይሆናል። እንዲህ ያለው ውድድር ለእኔ ብዙ ትርጉም የለውም። ይልቅ በየቀኑ በሚያገኟቸው ይለማመዱ፤ «ድቩ-ጄ-ስቶ-ፕዬኝ-ቾ-ሌት-ኒ» (የ25 ዓመት)፣ «ፕዬኝ-ጄ-ሼኝ-ቾ-ግሮ-ሹፍ-ካ» (የ50 ግሮሽ ሳንቲም)። ሁለቱም ሰባት ሰባት ቀለም ናቸው፤ ሁለተኛውን በገበያ ከሻጭ አፍ ይሰሙታል።

ተማሪ_ዘፖዝናን

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ከተማ ስዞር ያየኋቸውን ጽሑፎች በደብተሬ ከፋፍዬ አመጣሁ፤ እባካችሁ አርሙልኝ።

«ፕሼት-ሽኮ-ሌ» (መዋዕለ ሕፃናት)፣ «ፖድ-ዤም-ን»፣ «ኦድ-ዝና-ካ» (የክብር ምልክት)፣ «ኦድ-ዤሽ» (አልባሳት)።

አራሚ_ነኝ

ሦስቱ ልክ ናቸው። «ኦድ-ዝና-ካ» ውስጥ «ዝናክ» (ምልክት) ከ«ኦድ» ቀጥሎ መቆሙን ማየትዎ አስደስቶኛል። አራተኛው ግን ተሳስቷል፤ የተሳሳተውም ሕጉን በሚገባ በመማርዎ ነው። በአልባሳት ውስጥ «ኦድ» የሚባል ቅጥያ የለም። ቅጥያዋ «ኦ» ብቻ ናት፤ ሥሩም «ማልበስ» ከሚለው «ኦ-ጃች» ጋር አንድ ነው። ስለዚህ ዴና ዜት እዚህ ተዋሕደው አንድ «ጅ» ናቸው፤ «ኦ-ጄሽ» ይበሉት።